«ይቅር ተብዬ ይሆን?» እያለች ለማታርፍ እናት

ጥያቄ፦ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አራት። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ኦርቶዶክሳዊት ነኝ። ጠዋት ጸሎት ላይ ሐሳቤ ከተበተነ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ አቡነ ዘበሰማያትን ብቻ ስደጋግም ልጆቹ ሰርቪስ ያመለጣቸው ቀን አለ። ንስሐ ገብቼ ስወጣ «አንዷን ነገር በትክክል አልተናገርኳትም» የሚል ሐሳብ ይይዘኝና በዚያው ሳምንት ለንስሐ አባቴ እደውላለሁ። ትንሹን ልጄን ሳረግዝ «አትጹሚ» ብለውኝ ነበር፤ አዝነውልኝ ነው እንጂ እግዚአብሔር እንዲያ አላለም ብዬ ጾምኩ። ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን የጾም ወቅት ባልሆነም ጊዜ እርቀዋለሁ። በቅርቡ «ቤታችን ፍርድ ቤት ሆነ» አለኝ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የልጄ የሒሳብ ደብተር ነው። ከኋላው እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ቅዳሜ ወንድሜን ገፋሁት። ሰኞ በጸሎት ሰዓት ሳቅኩ። ሰኞ ስለ ሳቅኩ አላለቀስኩም።» ጌታ «ፍጹማን ሁኑ» ብሏል፤ እኔ አቃተኝ። አሁን ደግሞ ልጄንም እየጎዳሁ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ጨርሼ ተመልሼ ያሰመርኩበት ስለ እርግዝናሽ የጻፍሽው ላይ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስና ለሕመምተኛ ጾምን ማቅለል ቤተ ክርስቲያን የያዘችው የቆየ ሥርዓት ነው። የንስሐ አባትሽ በተሰጣቸው ሥልጣን «አትጹሚ» አሉሽ። አንቺ ግን «አዝነውልኝ ነው» ብለሽ ቃላቸውን ወደ ጎን ተውሽው፤ ማዘን ከእግዚአብሔር የማይመጣ ይመስል። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንጂ የነገረ መለኮት መምህር አይደለሁም። ሆኖም ትጋትን ከጭንቀት የምለይበት አንዱ ምልክት ይኸው ነው። በእምነቱ የሚተጋ ሰው ሥርዓቱን የሰጡት አባቶች «በቃ» ሲሉት ያርፋል። ጭንቀት የያዘው ሰው «ለሌላው ይበቃ ይሆናል፣ ለእኔ ግን አይበቃም» ይላል፤ ከቤተ ክርስቲያኗ የባሰ ጥብቅ ሆኖ ቁጭ ይላል።

እንደሚመስለኝ አንቺን የሚያሯሩጥሽ ከፍጽምና ጥማት ይልቅ የእርግጠኝነት ጥማት ነው። ይቅር መባልሽን ቅንጣት ጥርጥር በማይቀርበት መንገድ ማወቅ ትፈልጊያለሽ። በጸሎት መካከል ስለ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ምሳ፣ አንዳንዴም ለመናገር የሚያሳፍር ሐሳብ ሽው ይላል። ይህ በሰው ሁሉ ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛው ሰው ያልፈዋል። አንቺ ግን «ይህን ያሰብኩት እኔ ከሆንኩ ጸሎቴ ረክሷል» ትያለሽ፤ ልብሽ ይመታል፣ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። ስትጀምሪ ለጥቂት ደቂቃ ቀለል ይልሻል። ችግሩ ያለው በዚያች እፎይታ ላይ ነው። አእምሮሽ «ያዳነኝ መድገሜ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ቀን ማንቂያውን ከፍ አድርጎ ይደውላል። ስልኩም እንዲሁ ነው። ካህኑ «ተፈትተሻል፣ ሂጂ» ባሉሽ ቁጥር ለአንድ ቀን ታርፊያለሽ፤ ከዚያ «በደንብ አስረድቻቸው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይሉኝ ነበር?» የሚል አዲስ ጥያቄ ይመጣል። ጥርጣሬ መልስ በበላ ቁጥር ይፋፋል።

በደብዳቤ ብቻ የሕመም ስም መስጠት ተገቢ አይደለም። የጻፍሽው ግን በተለምዶ ኦሲዲ ከሚባለው፣ አስጨናቂ ሐሳብና ተደጋጋሚ ድርጊት ከሚታይበት ሕመም ጋር በብዙ ይመሳሰላል። አንዳንዱን ሰው እጁን ደጋግሞ ያሳጥበዋል፣ ሌላውን በር ያስቆልፈዋል፤ ሃይማኖቱን የሚወድ ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ በጸሎቱና በንስሐው በኩል ይገባል። አዲስ ነገርም አይደለም። የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የጀመረው ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር መነኩሴ ሳለ ኃጢአቱን ሲናዘዝ ሰዓታት ይፈጅ፣ ተናዝዞ ሲወጣም የረሳው ትዝ እያለው ይመለስ ስለነበር አናዛዡን ሽታውፒትዝን አሰልችቶት ነበር። የካቶሊኩ የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም በ1522 እ.ኤ.አ. በስፔን ማንሬሳ ውስጥ የተናዘዘውን መልሶ መላልሶ እየተናዘዘ ሕይወቱን እስከ መጥላት ደርሶ ነበር። በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ወገኖቻችንም አይቀርላቸውም፤ የእነሱ «በእውነት ድኛለሁ?» የሚል ይሆንና በየጉባኤው እጃቸውን እያነሡ ጌታን እንደ አዲስ ይቀበላሉ። (በየስልኩ የሚለቀቁት ማስፈራራት ብቻ የሆኑ ስብከቶች ይህን ሕመም የሚያባብሱ ይመስለኛል። ለጊዜው አትስሚያቸው።)

«ፍጹማን ሁኑ» ስላልሽው፣ ማቴዎስ ምዕራፍ አምስትን ክፈቺና ከዚያ ቃል ሦስት ቁጥር ወደ ላይ ውጪ። ጌታ የሚናገረው በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ፀሐይን ስለሚያወጣ፣ በጻድቃንና በኃጢአተኞች ላይ ዝናብን ስለሚያዘንብ አባት ነው። እንድንመስለው የታዘዝነው በዚህ ስፋቱ ነው። ሐሳብ ሳይበተን ስለ መጸለይ አንዲት ቃል እዚያ የለችም። በዚህ ምንባብ ራስሽን ልትመዝኚ ብትፈልጊ እንኳ ጥያቄው «ስንቴ ተሳሳትኩ?» ሳይሆን «ቤት ውስጥ ለተሳሳተው ሰው ፊቴ ምን ይመስላል?» ነው። ባለቤትሽ ስለ ፍርድ ቤት የተናገረው እዚህ ላይ ይመጣል።

ካናዳውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የፍጽምናን አባዜ በሦስት ከፍለውት ነበር፦ ሰው ከራሱ የሚጠይቀው፣ ከሌሎች የሚጠይቀው፣ ሌሎች ከእኔ ይጠብቃሉ ብሎ የሚያስበው። አንቺ ከመጀመሪያው ጀምረሻል፤ ልጅሽ ሦስተኛው ላይ ደርሳለች። «አልቅሺ» ያላት ሰው የለም። እናቷ ስታለቅስ አይታ፣ ማልቀስ የይቅርታ ዋጋ ነው ብላ ራሷ ደመረችው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለዚህ ችግር የተሻለ ውጤት ያሳየው የምክር ሕክምና ቪክተር ሜየር የተባለ ባለሙያ በ1966 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው፤ ሰውየው የሚፈራውን ነገር ይጋፈጣል፣ ማስተንፈሻ ያደረገውን ድርጊት ግን አይፈጽምም። ለአንቺ እንዲህ ይሆናል። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ የጠዋት ጸሎትሽን ልክ ወስኑ፤ ለምሳሌ የዘወትር ጸሎትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። አንዴ ብቻ ትጸልያለሽ። ሐሳብሽ ሲበተን፣ መበተኑ አይቀርም፣ ከደረስሽበት ቃል ቀጥዪ። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ «ስለ መበተኔ ይቅር በለኝ» የሚል ማካካሻ መጨመርም የለም፣ እሱም በጓሮ በር የሚገባ ድግግሞሽ ነው። ስትጨርሺ «አልሆነም» የሚለው ስሜት ደረትሽን ይዞት ይቆማል። እንደያዘሽ ተነሥተሽ ለልጆቹ ምሳ ቋጥሪ። ስሜቱ መጀመሪያ ይብሳል፣ አንዳንድ ቀን ጧቱን ሙሉ አይለቅም፤ ካልመገብሽው ግን ራሱ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው። ጭንቀቱ ሲብስ «እግዚአብሔር እየተቆጣኝ ነው» ብለሽ እንዳትተረጉሚው፤ የለመደው ሲቀርበት የሚያሰማው ጩኸት ነው።

ይህን ያለ ንስሐ አባትሽ አታድርጊው። ሕመሙ «ይህ ምክር የዓለም ምክር ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የእሳቸው ቃል ያስፈልግሻል። ብትችዪ ይህን ጽሑፍ አንብቢላቸውና ሦስት ነገር ለምኚያቸው፦ የንስሐ ቀን በቀጠሮ እንዲሆን፣ አንዴ የተናዘዝሽውን ድጋሚ እንዳይሰሙሽ፣ ከሰጡሽ ቀኖና በላይ አንዲት ስግደት እንዳትጨምሪ እንዲያዙሽ። የፈቃድ ጾሞችንም፣ ጽጌን የመሰሉትን፣ ለጊዜው ትተሽ በሰባቱ አጽዋማት ብቻ ትጸኚ እንደሆነ እሳቸው ይወስኑ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ካሉሽ በኋላ የአንቺ ድርሻ መውጣት ነው። አባቶች ይህን ያውቁታል። በግብጽ በረሃ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ ያየ አዳኝ ቅር አለው። እሳቸውም «ቀስትህን ሳብ» አሉት፤ ሳበ። «አሁንም ሳብ፣ አሁንም» ሲሉት «እንዲህ ከለጠጥኩትማ ይሰበራል» አለ። ወንድሞችም ከልክ በላይ ከተወጠሩ እንደዚያው ነው አሉት። መነኮሳት ስለ ነበሩ ሰዎች የተነገረ ነው፤ አንቺ ደግሞ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነሽ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ያልጻፍሽውን ልገምት። ማታ ማታ «ይቅር የተባልኩ ይመስልሃል?» ብለሽ ትጠይቂዋለሽ፤ እሱም ስለሚወድሽ «አዎ፣ አዎ» ይላል። ደጉ መልሱ ሳያውቀው ሕመሙን ይቀልባል። ከእንግዲህ «ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጥም፤ ግን ሻይ አፍልቼ አብሬሽ እቀመጣለሁ» እንዲልሽ ተስማሙ። መጀመሪያ ላይ ትቆጪዋለሽ፤ ይህንንም አስቀድመሽ ንገሪው። ከመኝታው መራቅሽንም እንደ ጽድቅ አትቁጠሪው። ሐዋርያው በቆሮንቶስ መልእክቱ ባልና ሚስት የሚለያዩት ተስማምተው፣ ለጊዜውና ለጸሎት እንዲሆን ጽፏል። አንቺ ሳትጠይቂው የወሰንሽበት ስንት ወር ሆነ? ይህን ከእሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ቂሙ ከምታስቢው በላይ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ልጅሽ። ደብተሩን አይተሽ አለቀስሽባት እንደሆነ፣ ዛሬ እንደገና አትመለሺበት። ነገር ግን ማየትሽን አትደብቂያት። «የጻፍሽውን አየሁት። ወንድምሽን መግፋትሽ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ ካልሽው አልቋል። በጸሎት ሰዓት መሳቅ ልጅ ላይ የሚደርስ ነው። ማልቀስ ግን እግዚአብሔር ከማንም የሚጠይቀው ዕዳ አይደለም። እማዬ ብዙ ጊዜ የምታለቅሰው የጭንቀት ሕመም ስላለባት ነው፣ ልታከምም ነው» በያት። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ አይከብዳትም። ገፍታ ከሆነ መግፋቷን ትማር እንጂ «ክፉ ልጅ ነኝ» ብላ እንዳታድር። ከንግግሩ በላይ የሚያስተምራት ግን ያንቺ ስሕተት ነው። ወጡ ሲያርር፣ ሰው ላይ ስትጮኺ፣ ቅዳሴ ስታረፍጂ፣ «ተሳሳትኩ፣ ይቅርታ» ብለሽ በዚያው ወደ ሥራሽ ስትመለሺ ትይ። ደብተሩን መቅደድ ወይም መደበቅ አያስፈልግም፤ ልማዱ ከቀጠለና እንቅልፍ ወይም ትምህርት ከነሣት ግን የሕፃናት የሥነ ልቦና ባለሙያ ይያት።

አንቺም በዚህ መልስ ብቻ አትወሰኚ። ድግግሞሹ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድብሽ ከሆነ፣ ከጻፍሽውም እንደዚያ ይመስላል፣ የአእምሮ ሐኪም ማየት አለብሽ። አዲስ አበባ ካለሽ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የአማኑኤል ስም ለስድብ ስለዋለ የሚያፍሩ ብዙ ናቸው፤ እፍረቱ ከወራት ስቃይ አይበልጥም። ሐኪሙ እንደ ፍሉኦክሴቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ሊያዝልሽ ይችላል። ለዚህ ሕመም ሲሰጥ ሥራው እስኪታይ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለሽ አታቋርጪው። ጸበልሽን ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ፤ ሁለቱን የሚያጣላ የለም። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ዕለት ሂጂ። ሐኪሙ ፊት «ጸሎት አበዛለሁ» ብለሽ እንዳታልፊው፤ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትጀምሪ፣ ስንት ጊዜ እንደምትደግሚ፣ በሳምንት ስንቴ እንደምትደውይ በቁጥር ንገሪው። ባለቤትሽም አብሮሽ ይግባ፤ አንቺ አሳንሰሽ የምትናገሪውን እሱ ያውቀዋል።