በትንሽ ገንዳ የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጋር ይኖራል? ጥያቄና መልስ

ከ20 እስከ 60 ሊትር በሚይዝ ገንዳ፣ ጨው በሌለው ውሃ ዓሣ ለማኖር ያሰባችሁ ሰዎች ብዙ ጥያቄ አቅርባችሁልኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ገንዳ 40 ሊትር ይይዛል። ስንት ዓሣ ላስገባበት?

መልስ፦ «ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሴንቲሜትር ዓሣ» የሚለውን ስሌት ሰምተው ይሆናል። እኔ አልጠቀምበትም። በዚህ ስሌት ባለ 3 ሴንቲሜትር አሥር ዓሦችና ባለ 30 ሴንቲሜትር አንድ ዓሣ እኩል ናቸው፤ ትልቁ ግን በክብደት ከአሥሩ ድምር እጅግ ይበልጣል፣ ቆሻሻውም እንደዚያው። ለሽያጭ የሚቀርቡት ዓሦች አብዛኞቹ ገና ጫጩቶች መሆናቸውንም አይርሱ። ሻጩን «ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ለ40 ሊትር ከ4 ሴንቲሜትር የማይበልጥ አንድ ዓይነት ዓሣ ይምረጡና ከስምንት እስከ አሥር ያድርጉት። ከየዓይነቱ አንድ አንድ መሰብሰብ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ለዓሦቹ ኑሮ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ኒዮን ቴትራ ሁለት ብቻ ባስገባ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ኒዮን በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው፤ ቢያንስ ስድስት፣ ቢቻል አሥር ይፈልጋል። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ከዕፅዋት ጀርባ ይደበቃሉ፣ ቀለማቸውም ይደበዝዛል። ሰዎች ታመመ ብለው መድኃኒት ይገዙለታል፤ የሚያስፈልገው ግን ጓደኛ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድ ቤታ አለኝ። ጋፒዎች ብጨምርለት ይስማማሉ?

መልስ፦ እባክዎ አይጨምሩ። ቤታ ክልሉን አጥብቆ የሚጠብቅ ዓሣ ነው፤ የወንድ ጋፒ ሰፊና ደማቅ ጅራት ደግሞ ተቀናቃኝ የመጣበት ያስመስለዋል። ጥቃቱ ከሌላውም ወገን ሊመጣ ይችላል፦ የቤታው ረጅም ክንፍ ለመንከስ የሚያጓጓ ነውና ጋፒዎቹ ይቆነጥሩታል። ሁለት ወንድ ቤታዎችን በአንድ ገንዳ ማኖር ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው። ገንዳው 20 ሊትር ከሆነ ቤታው ብቻውን ይኑር፤ ብቸኝነት አይጎዳውም።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ቤታ ከውሃው በላይ ያለውን አየር መሳብ ስለሚችል በብርጭቆ ውስጥ መኖር ይችላል ይባላል። አየር መሳቡ ወዲያው ከመሞት ያድነዋል እንጂ ከቀዘቀዘና ከተመረዘ ውሃ አያድነውም። ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀትና ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ጎልድፊሽስ? ልጆቼ እርሱን ነው የሚፈልጉት።

መልስ፦ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም። ተራው ጎልድፊሽ ከ25 ሴንቲሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃም ይወዳል። ከሞቃት ውሃ ዓሦች ጋር ሲኖር ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ በማይመቸው ሙቀት ውስጥ ይቆያል።

ጥያቄ፦ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ጋፒ ገዛሁ፤ አሁን ከሠላሳ አልፈዋል። ወንዱን ባወጣው ይቆማል?

መልስ፦ ወዲያው አይቆምም። ሴቷ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ለወራት ማቆየት ስለምትችል፣ ወንድ ሳይኖርም በየአራት ሳምንቱ ገደማ ልትወልድ ትችላለች። ጋፒ ለሚወድ ሰው የምመክረው ወንዶችን ብቻ ማኖር ነው። ቀለማቸውም የሚያምረው የእነርሱ ነው።

ጥያቄ፦ አልጌውን (በገንዳው ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን) እንዲበላልኝ ፕሌኮ የተባለውን ዓሣ ልግዛ?

መልስ፦ ተራው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ያድጋል፤ ይተዉት። ኔራይት የተባለው ቀንድ አውጣ አልጌውን አሳምሮ ይልጠዋል፣ እንቁላሉም ጨው በሌለው ውሃ ስለማያድግ አይበዛብዎትም። መብራቱ በቀን በድምሩ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ይብራ፤ የአልጌው መነሻ የበዛ ብርሃንና የተረፈ ምግብ ነው።

ጥያቄ፦ ኤንጅልፊሽና ኒዮን አብረው ሲዋኙ አይቻለሁ። ለምን ይከለከላል?

መልስ፦ ያዩት ኤንጅልፊሹ ትንሽ እያለ ይሆናል። እኔም በጀማሪነቴ አብሬ አኖርኋቸው፤ ለወራት ሰላም ነበር። ኤንጅልፊሹ ሲያድግ ግን ኒዮኖቹ በየሌሊቱ ይጎድሉ ጀመር፤ ሬሳ እንኳ አላገኘሁም። አብዛኛው ዓሣ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይበላል። ክፋት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ጥያቄ፦ ገንዳውን ትናንት ሞላሁት፤ ውሃውም ጥርት ብሏል። ዛሬ ዓሣ ላስገባ?

መልስ፦ ይታገሡ። በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሞተን ዓሣ ሁሉ «ከጓደኛው ጋር ስላልተስማማ ነው» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ ብዙውን ጊዜ የገደለው ውሃው ነው። ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እርሱም መርዝ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ገንዳው ባዶ ሳለ ጥቂት የዓሣ ምግብ እየጣሉ ያሳድጓቸውና አሞኒያም ናይትራይትም በውሃ መመርመሪያ ሲለኩ ዜሮ ሲሆኑ ዓሣ ያስገቡ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን አስቀድመው ያስወግዱ። የማጣሪያውንም ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አያጥቡት፤ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጥብ እጥብ ያድርጉት፣ አለዚያ ባክቴሪያዎቹን ይገድሏቸዋል።

ጥያቄ፦ የሚጣሉ ዓሦች እያደር ይላመዳሉ?

መልስ፦ በትንሽ ገንዳ ውስጥ መሸሻ ስለሌለ መላመድን አይጠብቁ። ክንፉ የተቀደደ፣ ጥግ ይዞ የማይበላ ዓሣ ካዩ ዛሬውኑ ይለዩት።

ጥያቄ፦ 60 በ30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ ቢኖርዎት እርስዎ ምን ያኖሩበት ነበር?

መልስ፦ እስከ አፉ ቢሞላ 54 ሊትር ነው። ከሥሩ ለስላሳ አሸዋ አነጥፋለሁ፤ ሻካራ ጠጠር ኮሪዶራስ የተባለውን ዓሣ ጢም ይጎዳዋል። ዕፅዋት አበዛለሁ፤ ሙቀቱን 24 ዲግሪ አደርጋለሁ። በማጣሪያው ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ከበዙ በኋላ ስድስት ድንክ ኮሪዶራስ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አሥር ኒዮን አስገባለሁ። ሁለቱም ለስለስ ያለ (ማዕድን ያነሰበት) ውሃ ይወዳሉ፣ አንዱ በሌላው አፍ የሚገባ አይደለም፣ በብዛት የሚዋኙበትም ከፍታ የተለያየ ነው። ኒዮኖቹን ወደ ኋላ የማቆያቸው ገና ያልረጋ ገንዳ ስለማይስማማቸው ነው።