«ጭነቱ ተቀያየረ» አልሽ፤ ማን ቀያየረው?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው።

27 ዓመትሽ ነው። የቧንቧ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት መጋዘን ውስጥ ከአምስት ወር በፊት ቲም ሊደር ሆነሻል። ከሥርሽ ዘጠኝ ሰው አለ፤ ሦስቱ በዕድሜ ይበልጡሻል። ባለፈው ወር የሐዋሳው ጭነት ደሴ ሄደ፣ የደሴው ሐዋሳ። ሁለቱም ደንበኞች ጮኹ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱም ድርጅቱ ላይ ወደቀ። ሰኞ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ምንድን ነው የተፈጠረው?» ሲል «ጭነቱ ተቀያየረ፤ የጫነው ልጅ አዲስ ነው» አልሽ። ልጁ እዚያው ተቀምጧል። በሦስተኛው ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ «እሺ» ብቻ ሆኗል። ጥያቄ የለም፣ ጨዋታ የለም፣ ቡና ሰዓት ላይ ስትመጪ ወሬው ይቆማል። ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ አባትሽ ነገሩን ሲሰሙ «አለቃ ከሆንሽ ጥፋቱም ያንቺ ነው» ብለው ዝም አሉ። አንቺ ደግሞ «እኔ ሳልጭን እንዴት የእኔ ይሆናል? ይሄ ፍትሕ ነው?» ትያለሽ። በዚያ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ድርጅት ለሱፐርቫይዘርነት ኢንተርቪው ጠርቶሻል፤ «ቡድንሽ የተሳሳተበትን ጊዜ ንገሪን ቢሉኝ ምን ልበል?» ብለሻል።

አባትሽ ልክ ናቸው። ችግሩ ወታደር ቤት ዕድሜ ልክ የተማሩትን በአንድ መስመር ስለነገሩሽ ፍርድ ብቻ ሆኖ ተሰማሽ። እስቲ እኔ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ የማዕረጋቸውን ስም ተመልከቺው። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ። ሻለቃም እኮ ሺህ አለቃ ማለት ነው። ዛሬ ቁጥሩ እንደ ቃሉ ባይያዝም፣ ስሙ ሲወጣ የተቆጠረው ሰው ነው። አባትሽን በማዕረጋቸው የጠራ ሁሉ ስለ ስንት ሰው ይጠየቁ እንደነበር ነው የሚጠራው። አንቺ እንግዲህ ዘጠኝ አለቃ ነሽ።

ደብዳቤሽ ላይ ያስቆመኝ ግን «ተቀያየረ» የሚለው ቃልሽ ነው። አማርኛችን ለዚህ ነገር በጣም ይመቻል። ብርጭቆ «ተሰበረ» እንላለን፣ ታክሲ «አመለጠኝ»፣ ሰዓት «ሄደብኝ»፣ ፋይል «ጠፋብኝ»። ነገሩ ሆኗል፣ ያደረገው ሰው ግን የለም። ቤት ውስጥ ማንንም አይጎዳም። ስብሰባ ላይ ግን አድራጊ የሌለው ዓረፍተ ነገር እንደ ክፍት ወንበር ነው፤ አንድ ሰው እስኪቀመጥበት ድረስ የሁሉም ዓይን እዚያ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ ወዲያው አዲሱን ልጅ አስቀመጥሽበት።

አንድ ወረቀት ልንገርሽ። ጁን 5 ቀን 1944 (በእኛ ግንቦት 28 ቀን 1936) ጄኔራል አይዘንሃወር የተባበሩት ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ሆኖ፣ በማግስቱ ከ150 ሺህ በላይ ወታደር ፈረንሳይ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ እንዲወርድ አዝዟል። አየሩ አስቸጋሪ ስለነበር ዘመቻው አንድ ቀን ተራዝሟል፤ ይሳካ አይሳካ ማንም አያውቅም። ሰውየው ትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ፣ ዘመቻው ቢከሽፍ የሚነበብ መግለጫ ቀድሞ ጻፈ። ቀኑን እንኳ ተሳስቶ ጁላይ 5 ብሎታል፣ ምን ያህል ተወጥሮ እንደነበር ከዚህ ይገባሻል። የመግለጫው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ እግረኛው፣ አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ ጀግንነትና ለሥራ መታመን ሊያደርጉ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ጥፋት ካለ የእኔ ብቻ ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ስርዙ ነው። መጀመሪያ የጻፈው ወታደሮቹ «እንዲወጡ ተደርጓል» እንደማለት ነበር። ሰረዘውና «ወታደሮቹን አስወጥቻለሁ» ብሎ ቀየረው። ማንም ባላየው ወረቀት ላይ፣ በዚያ ጭንቀት መሃል፣ ራሱን ከግሱ ኋላ አልደበቀም። ዘመቻው ስለተሳካ ወረቀቱ ሳይነበብ ቀረ፤ ዛሬም ካንሳስ ውስጥ አቢሊን ከተማ በስሙ በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት አለ።

አሁን ያንቺን ዓረፍተ ነገር እንደዚያ ሰርዢና ጻፊው። «ጭነቱ ተቀያየረ» ይቅር። «ሁለቱ ጭነቶች ከመውጣታቸው በፊት አላየኋቸውም» በይ። ልዩነቱ አፍሽ ላይ ይሰማሻል አይደል?

ወደ ፍትሕ ጥያቄሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጥያቄሽ የሚናቅ አይደለም። ካርቶኑን ያነሳው እጅ የልጁ ነው፤ እሱን ማንም አይክድም። የአሜሪካ ጦር ደንብ ግን አዛዥን የሚጠይቀው ክፍሉ ላደረገው ብቻ ሳይሆን ላላደረገውም ነገር ሁሉ ነው። «ላላደረገውም» የምትለዋን ያዢልኝ። የልጁ ስህተትና ያንቺ ኃላፊነት አንዱ ሲመጣ ሌላው የሚወጣ ነገር አይደለም፤ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ።

ጁን 17 ቀን 2017 ፊትዝጄራልድ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ጃፓን አጠገብ ከአንድ ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች። ሰባት መርከበኞች ሞቱ። ሰዓቱ ሌሊት ነው፤ ካፒቴኑ ክፍሉ ውስጥ ተኝቷል፤ እንዲያውም ግጭቱ ያገኘው እሱ የተኛበትን ክፍል ነው። ሌላ መርከብ ሲቀርብ እንዲነግሩት የሚያዝ ቋሚ ትዕዛዝ ነበረው። ተረኞቹ ግን አልጠሩትም። ያም ሆኖ ካፒቴኑ ከአዛዥነት ተነሳ። አንቺ «ተኝቶ!» ትይ ይሆናል። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ለምን አልቀሰቀሱትም? ትዕዛዙ ወረቀት ላይ አለ። አለቃን በሌሊት መቀስቀስ ምንም እንደማያመጣባቸው በልባቸው ያውቁ ነበር ወይ?

ያንቺም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የግማሽ ኢንቹና የሦስት ሩብ ኢንቹ ካርቶን በመልክ አንድ ነው፣ ኮዱ ጎኑ ላይ በትንሹ ነው የተጻፈው ብለሻል። ያን ዕለት አንቺ ቢሮ ገብተሽ የወር መጨረሻ ሪፖርት እየሠራሽ ነበር። ልጁ ሥራ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ታዲያ ሲጠራጠር የቢሮሽን በር አንኳኩቶ «እህት፣ አንዴ ታይልኛለሽ?» ማለት ይችል ነበር? ወይስ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ፊት ይጠብቀው ነበር? መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ።

የአሜሪካ ማሪኖች ለአዲስ አለቆቻቸው 11 የአመራር መርሆች ያስተምራሉ። ሁሉንም አልደረድርልሽም። አንዱ ግን ላንቺ የተጻፈ ነው የሚመስለው፦ ሥራው ለሰዎችህ መግባቱን፣ ክትትል መደረጉን፣ መጠናቀቁን አረጋግጥ። ሦስቱም ጭነቱ ከመውጣቱ በፊት የሚሠሩ ናቸው። ኃላፊነት ስብሰባው ላይ የሚጀመር የሚመስላቸው አለቆች ብዙ ናቸው፤ ስብሰባው ላይ የሚሆነው ቀድሞ ያልተሠራውን አምኖ መናገር ብቻ ነው።

አባትሽ ለምን ዝም እንዳሉ ደግሞ እኔ እንዲህ እገምታለሁ። በእኛ ጦር ውስጥ ያለፈ ሰው ስለ ቃኘው ሻለቃ ሳይሰማ አይቀርም። በፈረንጆቹ ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ የተዋጉት እነዚያ ልጆች ከ120 በላይ ሞቶባቸዋል፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከባቸውም፣ የወደቀውንም ሜዳ ላይ ጥለው አልተመለሱም። ሃምሳ አለቃ ሆኖ ለኖረ ሰው፣ ልጁ የራሷን ሰው ስብሰባ መሃል ትታ መውጣቷ ከጭነቱ በላይ ያመዋል። ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ቡድንሽ «እሺ» ብቻ የሆነው ለምን እንደሆነ እንዲገባሽ ነው። እነሱ ያዩት «ነገ እኔንም እንዲህ ታደርገኛለች» የሚል ነገር ነው።

ስለዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ከልጁ ጀምሪ። ለብቻው፣ ቁመሽም ቢሆን፣ ረጅም ሳይሆን። «ስብሰባው ላይ የተናገርኩት ልክ አልነበረም። ካርቶኖቹ እንዴት እንደሚለዩ አላሳየሁህም፣ መኪናው ሳይወጣም አላየሁም። የእኔን ድርሻ አንተን አሸከምኩህ፤ ይቅርታ።» እዚህ ላይ አቁሚ። «ግን አንተም…» የሚለውን ያን ቀን አታንሺው። የእሱ ስህተት መነገር አለበት፣ ይነገራልም፤ ግን በሌላ ቀን፣ ካርቶኑን ይዛችሁ፣ እጅ በእጅ እያሳየሽው። ይቅርታውን በምሳ ግብዣ አትሸፍኚው፤ ሰው ይቅርታና ማባበያ ይለያል።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጋ ግቢ። ማስጠንቀቂያው ከልጁ ፋይል እንዲወጣ ጠይቂ፤ እምቢ ካሉ የአሠራሩ ክፍተት ያንቺ እንደነበር የሚገልጽ ያንቺ ማስታወሻ አብሮ እንዲያያዝ ጠይቂ። ይሄ ከባዱ ነው፣ አውቃለሁ። አንዳንድ አለቃ «እንግዲያው ማስጠንቀቂያው ላንቺ ይሁን» ሊል ይችላል። ሊደርስብሽ እንደሚችል አውቀሽ ግቢ። ቡድኑ ደግሞ ይሰማል፤ መጋዘን ውስጥ የማይሰማ ነገር የለም።

ሦስተኛው ከቡድኑ ጋር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከወታደር ቤት ልትወስጂው ከምትችይው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። ካሊፎርኒያ ፎርት ኧርዊን በሚባል በረሃ ውስጥ የአሜሪካ ጦር ትልቅ ማሠልጠኛ አለው። ክፍሎች እዚያ የልምምድ ውጊያ ያደርጋሉ፣ ብዙ ጊዜም ይሸነፋሉ። ከዚያ አቧራቸውን ሳያራግፉ ክብ ሠርተው ይነጋገራሉ፦ ምን ሊሆን ታቅዶ ነበር? የሆነው ምንድን ነው? ለምን? በሚቀጥለው ምን እንተው፣ ምን እንያዝ? ተራ ወታደሩ ኮሎኔሉ ፊት «ሬዲዮው አልሠራልንም፣ ማንም አልሰማንም» ይላል፣ ኮሎኔሉም ይመዘግባል።

እኛ አገር «ግምገማ» ሲባል የሰው ሆድ ይገለበጣል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ሰው ስለሆነ። አንቺ ጠረጴዛው ላይ ሥራውን አቅርቢ። ጠዋት፣ መጫኛው በር ላይ፣ አስራ አምስት ደቂቃ። የመጀመሪያውን ስህተት አንቺው ተናገሪ፣ የራስሽን። ቀጥለሽ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል፤ አትሙዪው። ከነዚያ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንዱን፣ በአንቱታ፣ «እርስዎ ብዙ ዓመት ጭነዋል፤ ኮዱ የት ቢጻፍ ይሻላል?» ብለሽ ብትጠይቂ ነገሩ ይከፈታል። የሚወጣው መፍትሔ ቀላል ይሆናል፦ በትልቁ በማርከር መጻፍ፣ ሁለተኛ ሰው መቁጠር፣ ሹፌሩ አይቶ መፈረም። የመጀመሪያ ቀን ማንም ካልተናገረ በሳምንቱ ድገሚው። አንዴ የተዘጋ አፍ በአንድ ጠዋት አይከፈትም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ኃላፊነት መውሰድና የገንዘብ ዕዳ መፈረም አንድ አይደሉም። በሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) አሠሪ ከደመወዝ ላይ እንዲሁ ተነስቶ መቁረጥ አይችልም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የራስሽ የጽሑፍ ስምምነት ይፈልጋል። ስለዚህ በስሜት «ትራንስፖርቱን እኔ እሸፍናለሁ» ብለሽ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። ዕቃ ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምክሬ ሌላ ነበር፤ የሌባን ሥራ «የእኔ ጥፋት ነው» ብሎ መሸፈን አለቃነት አይደለም።

ኢንተርቪው። እኔ ለዓመታት ጠያቂዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። «ቡድንህ የተሳሳተበትን ጊዜ ንገረኝ» ሲባል ብዙ ሰው «ኮሙኒኬሽን ጋፕ ነበር» ይላል። ያው «ተቀያየረ» ነው፣ ሱፍ ለብሶ። አንቺ እንዲህ በይ፦ «የሁለት ደንበኛ ጭነት ሳላጣራ አስወጣሁ፤ የአንዱ ለሌላው ደረሰ። አዲስ ሠራተኛ አላሠለጠንኩም፣ የመውጫ ፍተሻም አልነበረኝም። የባሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ሠራተኛውን ጠቆምኩ። ከዚያ ይህን፣ ይህን አደረግሁ።» አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል። ስህተቱን አታሳንሺው፣ አታልቅሺበትም። ስለ መፍትሔው ስትናገሪ ሐሳቡን ያመጣውን ሰው አንሺ።

ጥሩ ጠያቂ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። እኔ ብሆን ቀጥዬ «ልጁ አሁን እንዴት ነው?» እልሻለሁ። ለዚህ የሚጠና መልስ የለም። ኢንተርቪውሽ ሐሙስ ነው ብለሻል። ልጁን ሰኞ ጠዋት፣ መኪኖቹ ሳይገቡ አግኚው።