መልስ፦ በዋንዛ የሚሠራ ቤዝ ጊታር፣ ደሴ

«ደሴ ላይ ቤዝ ጊታር በትዕዛዝ ላሠራ ነው፤ ሠሪው ደህና ዋንዛ አለኝ ብሎኛል፤ ቀብድ ልስጠው?» ላልከው፦

አብሽር ወንድምዓለም፣ ዋንዛው ለአካሉ ይሆናል፤ ክራርና ከበሮ ሲሠራበት የኖረ እንጨት ነው። ግን አንገቱ የሚወጣበትን እንጨት ሳታይ ቀብድ እንዳትሰጥ። እኔ ኮምቦልቻ ያሠራሁት ቤዝ አካሉ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ለካ የአንገቱ እንጨት በደንብ አልደረቀም ኖሯል፣ በሁለተኛው ክረምት እንደ ቀስት ጎበጠ። አራቱ የቤዝ ክሮች አንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ ገደማ ይስባሉ እኮ! አንገቱ ውስጥ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ዘንግ ከሌለው አትቀበል።

ስትረከብ ሜትር ይዘህ ሂድ። የተለመደው የክር ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተሰካው የብረት መስመር) ክሩ ከላይ ከሚያርፍበት ጫፍ ሲለካ 432 ላይ መዋል አለበት። ከዚያ ክሩን ባዶውን ምታው፣ 12ኛው ላይ ተጭነህ ድገመው፤ ያው ድምፅ ቀጥኖ ካልመጣ ብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት) ይስተካከል። አለዚያ በባቲ ቅኝት ስትጫወት የሰርጉ ቤት ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሃል (ደርሶብኛል)።

ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ አምፕሊፋየር የሚልከውን) እና መቃኛውን ከአሮጌ ቤዝ ነቅለህ ስጠው፣ እሱ ራሱ ልሥራው ቢልህ እሺ አትበል። የመጨረሻውን ክፍያ በአምፕሊፋየር ሰምተህ ነው የምትሰጠው።