የካይዘን ቢሮ ልግባ ወይስ ፈረቃ ላይ ልቆይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀሽ ቃሊቲ አካባቢ ባለ የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ላሜራ ተጭኖ ቅርጽ በሚይዝበት ፕሬስ ክፍል ውስጥ 14 ወር ሠርተሻል። አሁን «የካይዘን አስተባባሪ ሁኚ» ተብለሻል፤ ሥራን ጥቂት በጥቂት እያሻሻሉ ብክነት የሚቀንሱበትን የጃፓኖች ዘዴ ማለት ነው። ቢሮ አለው፣ አበል አለው፣ ቱታ የለውም። አባትሽ «ከዘይትና ከጩኸት ወጣሽልኝ» ብለው ደስ ብሏቸዋል። አንቺ ግን ሠራተኛው ካይዘንን መጥረግና መለጠፍ ነው እንደሚለው ጽፈሽ «እውነት ሙያ ነው?» ትይኛለሽ።

ሙያስ ሙያ ነው። የሰጡሽ ወንበር ግን ሙያውን አያስተምርሽም። ቢያንስ ዘንድሮ አትቀበዪው።

እኔ ከቴክኒክና ሙያ ወጥቼ፣ ፕሬስ ላይ ዳይ፣ ማለትም ላሜራውን ቅርጽ የሚያስይዘውን የብረት ሞልድ፣ እየፈታሁና እያሰርኩ ነው የጀመርኩት። ግድግዳችን ላይ የካይዘን አምስቱ ማዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ በትልልቁ ተጽፈው ነበር። ከጽሑፉ ሥር ያለው ፕሬስ ግን ዳይ ሊቀየርለት ጠዋት ከቆመ እስከ ምሳ አይነሳም። አንድ ቀን አለቃችን ሰዓት ይዞ አጠገቤ ቆመ። ማሽኑ ቆሞ ደህና ዕቃ እስኪወጣ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀ። እኔ ዳዩን ፈትቼ ያሰርኩበት 35 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው 24 ቁጥር ቁልፍ ፍለጋ፣ ፎርክሊፍት ጥበቃ፣ ምሳ የወጣ ንብረት ክፍል ጥበቃ፣ ቁመታቸው የማይገጥም ብሎኖች መሞከር። ብሎኖቹን አንድ ዓይነት አደረግናቸው፣ ቁልፉን እዚያው ማሽኑ ላይ አንጠለጠልነው፣ ቀጣዩን ዳይ ፕሬሱ ገና እየሠራ ሳለ አጠገቡ ማቅረብ ጀመርን። በወሩ 50 ደቂቃ ገባ። ለአዲስ ማሽን የወጣ አንድ ብር የለም። ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዎ ሺንጎ ያስተማረው ይኸው ነበር፦ ማሽኑ እየሠራ ሊሠራ የሚችለውን፣ ሲቆም ብቻ ከሚሠራው ለይ።

የካይዘንን መጽሐፍ ብቻ ይዘሽ ብትገቢ ደግሞ «ክምችት ብክነት ነው» የሚለው ያሳስትሻል። የኛ ጥቅል ላሜራ የሚመጣው ባንክ ኤልሲ (የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ተከፍቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከጅቡቲ በመኪና ተጭኖ ነው። መጋዘኑን በጥቅል የሞላውን ሥራ አስኪያጅ አባካኝ ብትዪው ይስቅብሻል፤ እውነቱን ነው። ብክነቱ ያለው ከመቁረጫው እስከ ፕሬሱ ባለው መሃል፣ ተቆርጦ ወረፋ በሚጠብቀውና በሚዝገው ክምር ላይ ነው። ክምሩስ ከየት መጣ? ዳይ መቀየር ስለሚያንገሸግሽ ፎርማኑ የታዘዘው 800 ሆኖ ሳለ «አንዴ ታስሯል፣ 5,000 ይመታ» ይላል። ይሄ ከቢሮ መስኮት አይታይም።

ካይዘን እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2009 በጃይካ (የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት) እገዛ በ30 ድርጅቶች በሙከራ ተጀምሮ፣ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩቱ ተቋቋመ። እኔ በገባሁባቸው ፋብሪካዎች ግን አስተባባሪው ብዙ ጊዜ ፎቶ አንሺና ሪፖርት ሞይ ነው። ከቢሮ ጀምረው የተዋጣላቸውም አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች።

ሠራተኛው ቅነሳ ይመጣብናል ብሎ ይፈራል ያልሽው ልክ ነው፤ መፍራት አለበት። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ1950 ሊከስር ጫፍ ደርሶ ሠራተኛ ሲቀንስ አድማ ተመትቶበታል፤ መሥራቹ ኪቺሮ ቶዮዳም ከፕሬዚዳንትነቱ ወርዷል። ስለዚህ «በተቆጠበው ጊዜ ሰው አይቀነስም» የሚል ቃል ከሥራ አስኪያጁ ሳትቀበዪ ሰዓት ይዘሽ ማንም ሰው አጠገብ እንዳትቆሚ።

አባትሽን በአክብሮት፦ አምስት ዓመት መካኒካል ያስተማሩሽ ከብረት ሊያርቁሽ ነበር እንዴ? አበሉ ለታናሽ ወንድምሽ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚውል ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ባልኩ። አንቺ ግን የጻፍሽው «ዘመድ ሲጠይቅ ማዕረጉ ደስ ይላል» ብለሽ ነው። ዘመድ የሚጠይቀው ለበዓል ለበዓል ነው፤ ሥራው ላይ የምትውዪው አንቺ ነሽ።

ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ካልሽም፣ ለጊዜው ተዪው።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ግቢና ወንበሩን በደፈናው እምቢ አትበዪ። «አንድ ፈረቃና አንድ ፕሬስ ለስድስት ወር ስጡኝ፣ ከዚያ እንነጋገር» በይው። እምቢ ካለሽ ምን እንደፈለገብሽ ታውቂያለሽ። እሺ ካለሽ የመጀመሪያውን የዳይ ቅያሪ ከቆመበት ደቂቃ ጀምረሽ መዝግቢ፤ የፍለጋውንና የጥበቃውን ለየብቻ አድርገሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።