ሆሎ ቦዲ ቤዝ ልትገዙ ላሰባችሁ

ልጆቼ፣

እዚህ ባሕር ዳር ቤዝ ጊታር የማስተምራቸው ልጆች ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዘዋል። «ጋሼ፣ ያገለገለ ሆሎ ቦዲ ተገኝቷል፤ ልግዛው?» ሆሎ ቦዲ የሚሉት ሆዱ ባዶ የሆነውን ቤዝ ነው። ስልካቸውን ያወጣሉ። ፎቶው ላይ ቫዮሊን የሚመስል፣ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ቤዝ አለ። እኔ ስለ ጊታሩ ከመናገሬ በፊት «የት ልትጫወቱበት ነው?» እላለሁ። ፊታቸው ይቀየራል። ፎቶውን አይቼ «አቤት ሲያምር!» እንድል ነበር የጠበቁት።

እውነት ነው፣ ያምራል። ግን ሆዱ ባዶ የሆነ ቤዝ ስፒከር አጠገብ ሲሆን አመሉ ሌላ ነው። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ የጊታሩን ገላ ያንቀጠቅጠዋል። ገላው ክሩን ያነቃንቃል፣ ፒክአፑ፣ የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው፣ ያንን ይዞ መልሶ ወደ አምፑ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው፣ ይልካል። ክር ሳትነኩ መጮኽ ይጀምራል፤ ፊድባክ የምንለው ይህንን ነው። ሳሎን ውስጥ ስትሞክሩት አይታወቅም። የሰርግ ድንኳን ውስጥ ትልቁ ስፒከር ከጀርባችሁ ሲሆን ግን ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ዞረው ያዩዋችኋል። ስለዚህ እንጀራችሁ የሰርግና የክለብ ሥራ ከሆነ፣ ብራችሁም ለአንድ ጊታር ብቻ ከሆነ፣ ገላው ድፍን እንጨት የሆነ ቤዝ ግዙ። አያምርም፣ ግን አያሳፍርም።

ይህን ስል ሆሎ ቦዲ እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ለእኛ ሙዚቃ የሚያምርበት ቦታ አለ። ድምፁ «ዱብ» ብሎ ወዲያው ይሞታል፤ እንደ ድፍኑ አይንዛዛም። ችክችካ ስትጫወቱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለከበሮው ቦታ ይለቃል። ለዝግተኛ ትዝታም ክብ የሆነ፣ ለስላሳ ድምፅ ይሰጣል። ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ። ድፍን ቤዝ ያለ አምፕ ለራስም በቅጡ አይሰማም። ሆሎው ግን ለብቻችሁ ክፍል ውስጥ ለመለማመድ የሚበቃ ድምፅ ያወጣል፣ የግቢውን ሰው ሳይረብሽ። በእኛ ሀገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ቫዮሊን ቅርጹ አንድ ነገር ላውራችሁ፣ ሁላችሁም እሱን ስለምታሳዩኝ። የጀርመኑ ሆፍነር ይህን ሞዴል ያወጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ዝነኛ ያደረገው የእንግሊዙ የሙዚቃ ባንድ የቢትልስ አባል ፖል ማካርትኒ ነው። በ1961 ሐምቡርግ ውስጥ የገዛው አንዱ ምክንያት ዋጋው ስላልከበደው ነበር። ሌላው ምክንያት ግራኝ መሆኑ ነው፤ የጊታሩ ግራና ቀኝ እኩል ስለሆነ ተገልብጦ ሲያዝ አያስጠላም። ያ ቤዝ በ1972 ተሰረቀ፤ መገኘቱ የተነገረው በ2024 ነው። እናንተ ዛሬ ለስሙ ብላችሁ ከአቅም በላይ ልትከፍሉበት የምታስቡት ጊታር፣ አንድ ወጣት እንደ እናንተ ኪሱን አይቶ የመረጠው ነው። ጀርመን የተሠራውን ተዉት፣ ውድ ነው። ሆፍነር ራሱ ኢግኒሽን የሚባል ርካሽ መስመር አለው፤ ኤፒፎንም ቪዮላ የሚባል ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ቤዝ ሠርቷል። ያገለገለ ሆኖ ከተገኘ ለተማሪ ከበቂ በላይ ነው።

በነገራችን ላይ ሆሎ ሁሉ አንድ አይደለም። ከውስጥ፣ መሐሉ ላይ፣ ከአንገቱ ወደ ታች የሚሄድ ድፍን እንጨት ያላቸው አሉ፤ ሴሚ ሆሎ ይባላሉ። ፊድባክ ይቀንሳሉ። ሆፍነር ኮንቴምፖራሪ የሚለው ሞዴል እንዲህ ያለ እንጨት አለው፤ ኢግኒሽኑ የለውም። በኢባኔዝ አርትኮር ቤዞች ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ይገኛል። ፊቱ ላይ ቀዳዳ ካለው በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። አንዳንዴ ሰርግ፣ ብዙ ጊዜ ቤት ለሚጫወት ልጅ እኔ የምመክረው ሴሚውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የምትገዙት ሆዱን ሳይሆን አንገቱን ነው። ጭረት፣ የለቀቀ ቀለም፣ የጠፋ የቮልዩም ቁልፍ፣ እነዚህ ዋጋ ማስቀነሻ ናቸው እንጂ በሽታ አይደሉም። ብዙዎቹ ሆሎ ቤዞች አንገታቸው በማጣበቂያ የተያያዘ ነው፤ በብሎን ተፈትቶ የሚስተካከል አይደለም። ማጣበቂያው ከለቀቀ ወይም አንገቱ ወደ ፊት ካዘነበለ፣ እሱን ነቅሎ መልሶ የሚያጣብቅ ባለሙያ በቀላሉ አታገኙም፤ ብታገኙም ጊታሩን ከገዛችሁበት ሊበልጥ ይችላል።

እንዲህ እዩት። አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበትን መስመር ዙሪያውን በጣት ዳስሱ። ከዚያ ቀጭን ወረቀት፣ የሱቅ ደረሰኝ ይበቃል፣ ወደ መጋጠሚያው ለማስገባት ሞክሩ። ቫርኒሹ ላይ ብቻ ያለ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ብዙም አያስፈራም። ወረቀቱ ከገባ ግን ጊታሩን ለባለቤቱ መልሱና አመስግናችሁ ውጡ። ካልገባ ቀጥሉ። ከጭንቅላቱ በኩል አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንገቱን ተመልከቱ፤ መጠማዘዝ የለበትም። ፍሬት የምንለው አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካውን ቀጭን ብረት ነው። ወፍራሙን ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይና የመጨረሻው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫኑ። መሐል ላይ፣ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ፣ የቢዝነስ ካርድ ውፍረት የሚያህል ክፍተት ጤነኛ ነው። ትንሽ ቢበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለው ብረት ይስተካከላል፤ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያሉ፣ በትዕግሥት። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ብሪጁ፣ ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚያርፉበት ድጋፍ፣ እስከ ታች ወርዶም ክሩ ከፍሬቱ ርቆ የሚቆም ከሆነ አንገቱ አዘንብሏል ማለት ነው። ሻጩ «ክር ስትቀይሩበት ይስተካከላል» ይላችኋል። አይስተካከልም።

እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ተጫወቱ። በገና ላይ ክሩን የምትነካው ቆዳ ድምፁን እዝ ታሰኘዋለች፣ እኛም ያንን ወደን እንሰማለን። ቤዝ ላይ እዝዝ ካለ ግን ፍሬቱ ተነስቷል ወይም ተበልቷል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ይቀላል። ቁልፉ ሲዞር ከተንጫጫ ማጽጃ ስፕሬይ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ጃኩ፣ ኬብሉ የሚሰካበት፣ ወደ ውስጥ ከወደቀም ክር አስገብቶ መጎተት ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ያስለቅሳል እንጂ ይሠራል። የራሳችሁን ኬብል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጭ ኬብሉን ሁልጊዜ «አሁን ነበረ» ነው የሚለው። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ወደ አምፑ ጠጋ በሉ፣ የት ላይ መጮኽ እንደሚጀምር እዚያው ታያላችሁ። ማንጠልጠያውንም አድርጋችሁ እጃችሁን ልቀቁ፤ ሆዱ ቀላል ስለሆነ ጭንቅላቱ ወደ ታች የሚጎትት አለ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው አምፕ አብሮ ከቀረበላችሁ ደግሞ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው።

ካላችሁ ብር ሩቡን አስቀሩ። ለክርና ለማስተካከያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሸወዳል። የቫዮሊን ቤዝ ክር የሚመታበት ርዝመት 30 ኢንች፣ ወደ 76 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የተለመደው ቤዝ 34 ኢንች ነው። አጭር መሆኑ ጣቱ ትንሽ ለሆነ ልጅ እፎይታ ነው። ግን ለረጅሙ የተሠራ ክር ስታስገቡበት ወፍራሙ ክፍል መቃኛው ላይ ይጠመዘዝና ሊበጠስ ይችላል። አጭር የሚል ክርም ሁሌ አይበቃም፤ ክሩ የሚነሳው ከብሪጁ ኋላ ካለው የክር መያዣ፣ ከቴልፒሱ፣ ስለሆነ ተጨማሪ ርዝመት ይፈልጋል። ከማዘዛችሁ በፊት ከቴልፒሱ እስከ ናቱ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ክሩ እስከሚያርፍበት፣ በሜትር ለኩ። ከተቻለ ፍላት ዋውንድ፣ ለስላሳውን ክር ግዙ። ይወደዳል፣ ግን ዕድሜው ረጅም ነው፤ የሆሎ ቤዝ ድምፅም እሱ ላይ ነው የሚወጣው።

የጣና እርጥበት በክረምት እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ በጋ ላይ ይደርቃል። ሐምሌ ላይ የገዛችሁት ቤዝ ጥር ላይ ክሩ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አትደንግጡ፣ አንገቱን እንደገና ማስተካከል ነው። መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አታቁሙት። ቦርሳ ከሌለው ቦርሳ ግዙለት፤ ባጃጅ ውስጥ ጭንቅላቱን ወደ ውጭ አውጥቶ መሄድ ይቅር።

ብሪጁ በአብዛኞቹ ቫዮሊን ቤዞች ላይ የተጣበቀ አይደለም። የክሩ ጭነት ብቻ ነው የያዘው። ክሩን ሁሉ አንዴ ካወለቃችሁ ይወድቃል፣ ቦታውም ይጠፋችኋል። ስለዚህ አንድ አውልቃችሁ አንድ ግጠሙ፤ ከዚያ በፊት ብሪጁ የቆመበትን በእርሳስ በስሱ ምልክት አድርጉ። ስትጨርሱ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን፣ ክሩን ሳትጫኑ በስሱ ነክታችሁ የምታወጡትን ድምፅ፣ እና ተጭናችሁ የምትመቱትን ድምፅ በቱነር፣ ቅኝቱን በሚያሳየው መሣሪያ፣ አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ብሪጁን ወደ ቴልፒሱ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ በጥቂቱ ግፉት። ክሩን ላላ አድርጋችሁ ግፉት እንጂ እንደተወጠረ አትግፉት፤ የሆዱን ቫርኒሽ ይፍቀዋል።