አምፖሉ ሳይጠፋ ጫጩቶቼ አላድግ አሉ ላልሽው እህት

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 60 የቦቫንስ (የእንቁላል ዝርያ) ጫጩት፣ አራት ሳምንት የሞላቸው፣ ጅማ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ። ሁለት ባለ 20 ዋት ቆጣቢ አምፖል ቀንም ሌሊትም ይበራል፤ በላስቲክ በተሸፈነው መስኮት ፀሐይ ይገባል፤ ሲመዘኑ 150 ግራም ገደማ ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ እግራቸው አልጸና ብሏል። ጥያቄሽ «ሦስተኛ አምፖል ልጨምር ወይ?» ነው። አትጨምሪ። ቢያንስ እንደዚያው ዓይነት አትጨምሪ።

ስለ ክብደቱ አልተሳሳትሽም፤ አንሰዋል። ቦቫንስ በአራት ሳምንት ወደ 270 ግራም ሊጠጋ ይገባል። ከጎረቤት የሥጋ ዶሮ ጋር ግን አታወዳድሪያቸው። ኮብ የሚባለው የሥጋ ዝርያ በስድስት ሳምንት ሁለት ኪሎ ያልፋል፤ የእንቁላሎቹ በዚያው ዕድሜ ግማሽ ኪሎ ቢጠጉ ነው፣ ያም ጤና ነው። ይህን ሳያውቅ ደህና ጫጩት መድኃኒት የሚያጠጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

እኔ የማረባው እዚያው ጅማ፣ ጅሬን ነው፣ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያዎቹን 50 ጫጩቶች ያስገባሁት ሐምሌ ላይ ነበር፤ የጅማን ሐምሌ ታውቂዋለሽ። ሦስት ቆጣቢ አምፖል ሰቅዬ ክፍሉ እንደ ሠርግ ቤት ወገግ አለ። በአምስት ሌሊት ውስጥ 11 ሞቱብኝ። በሽታ ነው ብዬ ኦክሲ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቼ አጠጣሁ። ብርድ ነበር እንጂ በሽታ አልነበረም። ብርሃኑ ስለደመቀ ክፍሉ የሞቀ መስሎኛል፤ ሙቀቱ ግን በዋቱ ልክ ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ቆጣቢው ደግሞ የሚቆጥበው ያንኑ ሙቀት ነው። የአንቺ ሁለቱ ተደምረው 40 ዋት ናቸው፤ እኔ ቤት አንድ ባለ 100 ዋት ባለ ክር አምፖል የሚበቃው ለ25 ወይም ለ30 ጫጩት ነው።

መብራት ላይ ሦስት ሥራ እንጭንበታለን፦ ማሞቅ፣ መኖውን ማሳየት፣ ቀኑን ከሌሊቱ መለየት። አራተኛ ሥራም አለ፣ የፀሐይ ሥራ፤ እሱን እኛ ቤት ያለው አምፖል ፈጽሞ አይሠራውም። የአንቺ አምፖሎች ማሳየቱን ብቻ ነው የሠሩልሽ።

ከማሞቁ ልጀምር፣ ዋናው ጉዳትሽ እሱ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነስሽ 21 አካባቢ ስትደርሺ ታቆሚያለሽ። አራተኛ ሳምንት ላይ ወደ 25 ነው ማለት ነው። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፤ እዚያ የሚለካው የአንቺን ሙቀት ነው፣ የእነሱን አይደለም። ጅማ ቀኑ ስለሚሞቅ ያታልላል፣ ሌሊቱ ግን ሌላ ነው፤ ወንዝ ዳር ደግሞ ይብሳል። በብርድ ያደረች ጫጩት በቀን የበላችውን ሥጋና አጥንት አታደርገውም፣ ለመሞቂያ ታቃጥለዋለች። መኖው እያለቀ ክብደቱ የማይንቀሳቀሰው ለዚህ ነው።

ቴርሞሜትር ከሌለሽ በርጩማ ይዘሽ ግቢ። እኔ ባለ ሦስት እግር በርጩማዬ ላይ ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቴ «ዛሬም ጥበቃ ወጣህ?» እያለች ትስቃለች። አምፖሉ ሥር ተደራርበው እየጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ከፍተው፣ አፋቸውን ከፍተው ከመብራቱ ከሸሹ ሞቋቸዋል። ሁሉም አንድ ጥግ ከተጠጉ ከሌላው በኩል ነፋስ ይገባል፤ በሩን ሥሩን እዪው። ተበታትነው ከተኙ፣ አንዳንዱም እየበላ ከሆነ፣ ነገሩ ተስተካክሏል፣ ሂጂ ተኚ።

ክፍሉን ሙሉ ለማሞቅ አትድከሚ። እነሱን ብቻ አሙቂ። ኮምፔንሳቶ በጡብ ላይ ከፍ አድርገሽ እንደ ዝቅተኛ ጣሪያ አስቀምጪ፤ ሲቆሙ ጀርባቸው ሳይነካ የሚገቡበት ያህል ይበቃል፤ ዙሪያውን የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ እንደ መጋረጃ አንጠልጥይለት። ባለ ክር አምፖሉን ከፈለግሽ ከጎኑ ስቀዪው፣ ከረጢትና ጉዝጓዝ እንዳይነካ ግን ጠብቂ፣ እሳት ነው። መብራት የሚጠፋባችሁ ሰፈር ከሆነ የጭድ ሣጥኑን አስቢበት። ጅማ ግብርና ኮሌጅ ሲሞከርና ለገበሬ ሲሰጥ የኖረ ዘዴ ነው፦ ሣጥን በሣጥን ውስጥ፣ በመካከሉ ጭድ ይጠቀጠቃል፣ ጫጩቶቹ በገዛ ሰውነታቸው ሙቀት ያድራሉ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል አታስገቢ። አንድ ጎረቤቴ አንድ ምድጃ አስገብቶ ጠዋት ሲከፍት ጫጩቶቹ እንደተኙ ቀሩ፤ እሱም ራሱን ይዞ ወጣ። ጭሱ ካለቀ በኋላ ያለው ፍም ነው ገዳዩ፣ ሽታ የለውም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ 24 ሰዓት ማብራት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ መኖና ውኃውን እስኪያውቁ። ያኔም አንድ ሰዓት ጨለማ ብታስለምጃቸው ይሻላል፤ አለበለዚያ መብራት ድንገት ሲጠፋ ደንግጠው ይደራረባሉ፣ የታችኞቹ ይታፈናሉ። የአንቺዎቹ አሁን ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል፤ በደማቅ ነጭ መብራት ሲውሉ ሲያድሩ ላባ መነቃቀልም ይጀምራሉ። ነገር ግን ክብደታቸው ስላነሰ በአንዴ ወደ 12 ሰዓት አታውርጂው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል እየቀነስሽ ሂጂ፤ የእኛ አገር ቀን ከዓመት ዓመት 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ እዚያ ስትደርሺ ማጥፋት ነው። ከዚያ እንቁላል እስኪቃረቡ ድረስ ብርሃን አትጨምሪ፣ ሰውነታቸው ሳይጠነክር ይጥላሉ።

አሁን ወደ እግራቸው። መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል ብለሻል፤ ብርሃኑን ያስገባል፣ የሚፈለገውን ጨረር ግን መስታወት ያስቀረዋል፣ ላስቲክም እንደ ዓይነቱ ሊያስቀረው ይችላል። ቫይታሚን ዲ በቆዳ ላይ የሚሠራው በዚያ ጨረር ነው። እኔም መስታወት ውስጥ ፀሐይ እያሞቅኩ መስሎኝ አንድ ዙር ሙሉ እግረ ቆልማማ አሳድጌአለሁ። መንቁሯን በሁለት ጣትሽ ቀስ ብለሽ እጠፊው፤ እንደ ላስቲክ ከተለመጠ አጥንቷ አልጠነከረም፣ ቫይታሚን ዲ ወይም ካልሲየም ወይም ፎስፈረስ ጎድሏታል። መንቁሩ ጠንካራ ሆኖ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ከተጠቀለሉ የቫይታሚን ቢ 2 እጥረት ጠርጥሪ። አንዱ እግር ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ከተዘረጋ ግን ማሬክስ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላልና ለይተሽ ሐኪም ጥሪ፤ ያን መብራትም ፀሐይም አይፈታውም።

ለመጀመሪያው ዓይነት፣ መንቁራቸው ለሚለመጠው፣ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ደረቅ ቀን ሲሆን፣ በወንፊት ሽቦ በታጠረ ሣጥን ወደ ደጅ አውጫቸው፤ በ15 ደቂቃ ጀምሪ፣ ግማሹ ጥላ ይሁን። ጭልፊት አትርሺ፣ ጅማ ላይ አይቀልድም። ክረምት ከሆነና ፀሐይ ከጠፋ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት በውኃ የሚበጠበጥ ኤ ዲ 3 ኢ የሚባል ቫይታሚን አለ፤ በላዩ የተጻፈውን መጠን አትለፊ። አጥንታቸው ይጠንክር ብለሽ የእንቁላል ጣይ መኖ ግን አትስጪ። ካልሲየሙ ለእነሱ በጣም ብዙ ነው፣ ኩላሊታቸውን ያበላሸዋል።

ስለ መኖ ያልሽው አንድ ነገር አሳስቦኛል፦ «ስታርተሩን (የጫጩት መኖውን) ለማብቃቃት በፍሩሽካ እቀላቅለዋለሁ»። ገባኝ፣ ኩንታሉ ስንት እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። ግን የጫጩት መኖ ፕሮቲኑ 20 በመቶ ገደማ ሊሆን ይገባል፤ ፍሩሽካ ስትጨምሪ እሱ ይወርዳል፣ ገለባው ይበዛል፣ በፍሩሽካው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስም ጫጩት በደንብ አትጠቀምበትም። ስለዚህ እግሩም ክብደቱም ከአንድ ከረጢት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ማብቃቃት ካለብሽ ስታድግ አብቃቂ።

ጉዝጓዝሽን አልጻፍሽም። እንደ አብዛኞቻችን የቡና ገለፈት ከሆነ ርካሽ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ግን ደርቆ ካልገባ ይሻግታል። ተንበርክከሽ አሽትቺው፤ ዓይንሽን ካቃጠለሽ እነሱን ቀኑን ሙሉ እያቃጠላቸው ነው። በዚህ ዕድሜ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ደም የቀላቀለ ኩስ ካየሽ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው፣ ሳታድሪ አምፕሮሊየም የሚባለውን መድኃኒት ይዘሽ ነይ። የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት ወስደዋል ብለሻል፣ እሱን አልፈዋለሁ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ዛሬ ማታ ሁለት ባለ ክር አምፖልና የኮምፔንሳቶውን ጣሪያ አስገባለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ፍሩሽካውን አቆማለሁ፣ ሦስቱን አንካሶች መኖና ውኃ አፋቸው ድረስ ወዳለበት ሣጥን እለያቸዋለሁ። ስድስተኛ ሳምንት ሞላ ብለሽም ወደ ግሮወር (የታዳጊ መኖ) አትቀይሪ፤ ክብደታቸው እስኪደርስ ስታርተሩ ላይ ይቆዩ። ቅዳሜ ጠዋት መኖ ሳትሰጪ አሥር ጫጩት ሳትመርጪ ያዢና በሱቅ ሚዛን መዝኚ፣ በቀጣዩ ቅዳሜም እንደዚያው። ሁለቱን ቁጥር ከመንቁሩ ውጤት ጋር እዚህ ጻፊልኝ።