«እኔና አብ አንድ ነን»፦ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጌታ በዮሐንስ ወንጌል 10፥30 «እኔና አብ አንድ ነን» ሲል አብና ወልድ አንድ አካል ናቸው ማለቱ ነውን?

መልስ፦ አይደለም። ቃሉ አጭር ስለሆነ ብዙዎቻችን «አንድ» የሚለውን ይዘን «ነን» የሚለውን እንዘልለዋለን። በግእዙም «አሐዱ ንሕነ» ነው የሚለው፤ አካሉ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ነን» ባላለ ነበር። ስለዚህ «አንድ» የሚለው ወልድን ፍጡር ያለውን አርዮስን፣ «ነን» የሚለው ደግሞ አብና ወልድ የአንድ አካል ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው ያለውን ሰባልዮስን ይረታል። አንድነቱ የባሕርይ፣ የመለኮትና የሥልጣን ሲሆን፣ አብ ወላዲ፣ ወልድ ተወላዲ መሆናቸው አይፋለስም። ከፍ ብለው ቁጥር 28ንና 29ን ቢያነቡ፣ በጎቹን ከወልድ እጅ የሚነጥቅ እንደሌለ ሁሉ ከአብም እጅ ሊነጥቅ የሚችል እንደሌለ ከተነገረ በኋላ «አንድ ነን» የሚለው ቃል እንደመጣ ያስተውላሉ።

ጥያቄ፦ አንድነቱ የፈቃድ ስምምነት ቢሆንስ? በምዕራፍ 17 ደቀ መዛሙርቱም እንደ አብና እንደ ወልድ አንድ እንዲሆኑ ጸልዮ የለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን አርዮሳውያንም አንሥተውታል። «እንደ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ እኩልነትን አያመለክትም፤ የሰማዩ አባታችን ፍጹም እንደሆነ ፍጹማን እንድንሆን መታዘዛችን በባሕርይ ከአብ ጋር አላስተካከለንም። ለእኛ በጸጋ የሚሰጠን አንድነት ለእርሱ የባሕርይ ገንዘቡ ነው። ደግሞም ነገሩ የፈቃድ ስምምነት ብቻ ቢሆን ኖሮ አይሁድ ሊወግሩት ድንጋይ ባላነሡ ነበር፤ ነቢያትም በፈቃደ እግዚአብሔር ይሄዱ ነበርና። እነርሱ ግን ሰው ሆኖ ሳለ ራሱን አምላክ እንዳደረገ ገብቷቸዋል። (ከሳሾቹ ቃሉን ከአንዳንዶቻችን ይልቅ በትክክል መረዳታቸው ያስደንቃል።)

ጥያቄ፦ ታዲያ በዮሐንስ ወንጌል 14፥28 «ከእኔ አብ ይበልጣል» ለምን አለ?

መልስ፦ የተናገረው ወደ መከራው ሲሄድ፣ የባሪያን መልክ ይዞ በትሕትና ሳለ ነው። ቃሉ ስለ ለበሰው ሥጋና ስለ ወረደበት ትሕትና የተነገረ እንጂ በመለኮቱ ከአብ ማነሱን የሚያሳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወልድ ከአብ የተወለደው መቼ ነው?

መልስ፦ ዘመን ራሱ በእርሱ ስለተፈጠረ «መቼ» አይባልለትም። የፀሐይ ክበብ ያለ ብርሃኑ የኖረበት ቅጽበት የለም፤ ምሳሌውን ከዚህ በላይ ባንለጥጠው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ይህ ክርክር በአርዮሳውያን ዘመን ወደ አገራችን ደርሶ ነበርን?

መልስ፦ አዎን፣ እኅቴ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት (318ቱ አባቶች) የመሰከሩትን ዛሬም በጸሎተ ሃይማኖት «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» (በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል) እያልን እንደግመዋለን። ይህንኑ እምነት ሲከላከል የኖረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ፣ አባ ሰላማን (ፍሬምናጦስን) ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ላከው። እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ አርዮሳውያንን ይደግፍ የነበረው የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ፣ አባ ሰላማ በአትናቴዎስ ወንበር በተተካው በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይላክ ዘንድ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። አትናቴዎስን አጥብቆ የሚከስሰው ይህ ደብዳቤ ተጠብቆ የደረሰን አትናቴዎስ ራሱ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ነው።